አምባሰል በማን እጅ አለች?

የባለቤትነት ነገር ሲነሣ ከብራና መጀመር ሳይሻል አይቀርም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች፤ ወደ ውኃው ገባ ብሎ ደግሞ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘ መሬት ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወደዚህ ሲመጡ ስፍራውን የጸሎት ብቻ ሳይሆን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት አደረጉት፤ ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የተሰጠው አራቱ ወንጌል የ16ኛውን መቶ ዘመን ጦርነትና ዘረፋ አልፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ለዚህ ጽሑፍ ከሥዕሎቹ ይልቅ የሚጠቅመው በባዶ ቦታዎቹ ላይ የሰፈረው ነው፤ ከልዩ ልዩ ማስታወሻዎች ጋር የገዳሙ መጻሕፍት በየስማቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ። ጸሐፊው መጻሕፍቱ በገዳሙ መኖራቸው ብቻ አልበቃውም፤ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሣጥን ቢጎድልም አይታወቅምና። የራስ ማድረግ ማለት በእጅ መያዝና በስም መመዝገብ በአንድነት መሆኑን የሐይቅ መነኮሳት ከ700 ዓመት በፊት ያወቁት ይመስላል። የሙዚቃችን ታሪክ፣ በተለይም የዚያው አገር የአምባሰል ዜማ ታሪክ፣ እነዚህ ሁለቱ እየተገናኙና እየተለያዩ የተጓዙበት መንገድ ነው።

ከሐይቅ አለፍ ሲሉ ግሸን ማርያምንና ውጫሌን የያዘው የአምባሰል አገር ይመጣል። ይህ አገር ስሙን ለቅኝት አውሷል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። አምባሰል እንደ ሌሎቹ አምስት ድምፅ አለው፤ ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ የሚወጣው በግማሽ ድምፅ ብቻ በመሆኑ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ጆሮን ይይዛል። ይህን ዜማ ለብዙ ዘመን የያዘው የሰው ትውስታ ነው፤ የሚያስተላልፈው አዝማሪ ነው፣ ግጥሙንም ብዙ ጊዜ «ተቀበል!» እያለ የሚሰጠው አድማጩ ራሱ ነው። እዚህ ላይ የዥረት ሙዚቃ ወዳጆች አንድ የማይናቅ ሙግት ያነሣሉ። ሙዚቃ ጥንቱንም ዕቃ ሆኖ አያውቅም፤ አዝማሪ መጥቶ ይጫወታል፣ ይሸለማል፣ ይሄዳል፤ በወር እየከፈሉ በኢንተርኔት መስማት ወደዚያው መመለስ እንጂ አዲስ ነገር አይደለም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። አዝማሪው ሲሄድ ግን ዜማው ከቤቱ አብሮት አይወጣም ነበር። የሰማው ሰው በማግስቱ እርሻው ላይ ያንጎራጉረዋል፣ ልጁ ይቀበለዋል፣ ግጥሙን በራሱ ጉዳይ ይለውጠዋል። «ደንበኝነትህ አብቅቷል» ብሎ ከአእምሮው የሚያወጣበት አልነበረም። ስለዚህ ያ ዘመን ባለቤት የሌለው ዘመን ሳይሆን ሰሚው ሁሉ ባለቤት የነበረበት ዘመን ነው። የጎደለው መዝገቡ ነው። የመጀመሪያዋን አምባሰል ማን እንዳወጣት የሚነግረን ዝርዝር በማንም ብራና ላይ አልተጻፈም።

ድምፅ ከትውስታ ወጥቶ ዕቃ የሆነው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የንግድ ቅጂም ይኸው ነው። ሸክላ ያላት ቤት ግን ጥቂት ነበረች፤ ማጫወቻው ውድ ነው፣ ሸክላው ተሰባሪ ነው፣ ከውጭም ነው የሚመጣው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ሐሳቡ ባህልን መጠበቅ ነው ሊባል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የሚሰማው ብዙ፣ የሚታተመው ጥቂት መሆኑ ነው። ይህን አጥር በ1961 ዓ.ም. የጣሰው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። ፈቃድ ሳይጠብቅ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በውጭ አገር አሳተመና ገበያ ላይ አዋለ። ፊሊፕስና ካይፋም በዚያው ሜዳ ተሰለፉ፤ ለአሥር ዓመት ያህል የአዲስ አበባ ሙዚቃ በትንንሽ ሸክላዎች ላይ ይታተም ነበር። የሸክላው ጥቅም ድምፅ ማቆየቱ ብቻ አይደለም። በመካከሉ ያለችው ክብ ወረቀት የድምፃዊውን፣ የዘፈኑንና የአሳታሚውን ስም ታስነብባለች። ዕቃውና መዝገቡ በአንድ አካል ላይ ተጣበቁ፤ ሸክላውን የሰጡት ሰው ስሙን አብሮ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ያ ትንሽ ክብ ወረቀት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

አብዮቱ መጣ፤ አምሃ በ1967 ዓ.ም. ገደማ አገር ለቀቀ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ቦታውን ለካሴት አስረከበ። ካሴት ወደ ወሎ ገጠር የደረሰ የመጀመሪያው የሙዚቃ ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መብራት አይሻም፤ ድንጋይ የጎረሰ ቴፕ ይበቃዋል። በአህያ ጭነት ላይ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ክሩ ሲፈታ በእስክርቢቶ ይጠቀለላል። በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገሮች የየራሳቸውን የኪነት ቡድን ሲያቋቁሙ ወሎ ላሊበላ የሚባለውን ቡድን አወጣች፤ ማሪቱ ለገሠም ከዚያ ወጥታ በአምባሰል ዜማዋ አገር ያወቃት ድምፃዊት ሆነች። መንዙማውም በዚያው ክር ላይ ተቀርጾ ከመስጊድና ከሐድራ ውጭ ተሰማ። አዲስ አበባ ላይ «አምባሰል» የሚል ስም የያዘ ሙዚቃ ቤትም ተከፈተ፤ ተራራው ቅኝት ሆኖ፣ ቅኝቱ ደግሞ የሱቅ ስም ሆኖ ካሴት አሳተመ። ሕግ ገና ባልጠነከረበት በዚያ ዘመን ግን አሠራሩ ለድምፃዊው የሚመች አልነበረም። ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሥራውን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ቢሸጥ መቶ ሺህ፣ ለዘፋኙ የሚጨመር ነገር ብዙውን ጊዜ የለም። በየመንደሩ ሁለት አፍ ቴፕ ያለው ሰው ደግሞ አንዱን ኦሪጅናል ገዝቶ ለሠፈሩ ይቀዳል።

ይህ ማስቀዳት ለአርቲስቱ ጉዳት መሆኑን ማንም አይክድም። የካሴት ዘመን ግን ለአድማጩ ሁለት ነገር አስተማረ፤ ሁለቱም ዛሬ ይናፈቃሉ። አንደኛው ሥልጣን ነው። በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ የሰበረ ሰው በላዩ እንዳይቀዳበት ይከለክላል፤ ሐሳቡን ሲለውጥ በፕላስተር ይሸፍናትና መልሶ ይቀዳበታል። የመጠበቁም የማጥፋቱም ውሳኔ ካሴቱን በያዘው እጅ ላይ ነበር፤ ከሩቅ ሆኖ የሚወስንለት ኩባንያ አልነበረም። ሁለተኛው የእጅ ጽሑፉ ነው። ኮፒ የወሰደ ሰው በሽፋኑ ወረቀት ላይ «ኤ» እና «ቢ» ብሎ ከፍሎ ዘፈኖቹን በተራ ይጽፋል፤ ያልጻፈ ሰው አንዱን ዘፈን ፈልጎ ክሩን ወዲያና ወዲህ ሲያጠነጥን ይውላል። ድካሙ ራሱ መዝጋቢ አደረገው። ያኔ ብራናዎቹም እየተገለበጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው አንዱ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ገባ። የሐይቁ ወንጌል በዚያ መዝገብ 1832 ቁጥር ተሰጠው። ከመዝገቡ ሠሪዎች ዋነኛው ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ፤ የፊልሙ ጥቅል ያለ እርሳቸው ዝርዝር ለተመራማሪ ከጨለማ ክር ብዙም ባልተሻለ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኤትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲዲ በፓሪስ መውጣት ጀመረ። የእነ ማሕሙድ አሕመድ፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴና የእነ ሙላቱ አስታጥቄ ሸክላዎች በሽፋን ጽሑፍ ታጅበው ለዓለም ደረሱ። የአገራችን ሰው በዚህ ኩራትም ቅሬታም ይሰማዋል፤ ቅሬታው ፍትሐዊ ቢሆንም እነዚያን ድምፆች መልሶ ማሳተም የተቻለው ሸክላዎቹን በእጃቸው ያቆዩ፣ ስማቸውን የጠበቁ ሰዎች ስለነበሩ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የክፍለ ሀገር ካሴቶች፣ የኪነት ቡድን ቅጂዎችን ጨምሮ፣ እንደዚህ ያለ ዕድል ብዙም አልገጠማቸውም።

ከዚያ ኤምፒ3 መጣ፤ ከእርሱም ጋር ባለቤትነት ለሁለት ተሰነጠቀ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በተለመደው 128 ኪሎ ቢት መጠን አንድ ደቂቃ ዘፈን አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ጥፍር የምታህል 8 ጊጋ ሚሞሪ 2,000 ያህል ዘፈን ትሸከማለች። ደሴም ሆነ ሐይቅ፣ ስልኩን ይዞ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው በጥቂት ብር «አስጭኖ» ይመለሳል። ከማንም አባት የሸክላ ሣጥን የሚበልጥ ሀብት በአንድ ከሰዓት ተገኘ። ሲከፈት ግን «ትራክ 01»፣ «አንኖውን አርቲስት»፣ ወይም ዘፈኑ የተወረደበት ድረ ገጽ አድራሻ በዘፋኙ ስም ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። ክቧ ወረቀት ተልጣለች፤ የሽፋኑ እጅ ጽሑፍም የለም። ስልኩ የሚያነበው የፋይሉን ስም ሳይሆን በውስጡ የተሸጎጠውን መለያ በመሆኑ፣ ባለቤቱ የፋይሉን ስም ቢያስተካክል እንኳ ፕሮግራሙ ያው የድሮውን ያሳየዋል። ይህ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ሲሠራ የእኛን ስም አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው የኤምፒ3 መለያ ለዘፈን ስም 30 ባይት፣ ለዘፋኝ ስም 30 ባይት፣ ለሙዚቃ ዓይነት ደግሞ አንድ ባይት ብቻ ነበር የሰጠው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም በተለመደው አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። «የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን» የሚለውን በዚያ ሣጥን ውስጥ በግድ ቢያስገቡት «የወሎ ላሊበላ የኪ» ላይ ይቆረጣል፤ ቀጥሎም የፊደል ስባሪ ይንጠለጠላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተተየበ ስም ሲሆንማ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ለሙዚቃው ዓይነት ከተመደቡት 80 ቁጥሮች መካከል ለአምባሰል የሚቀርበው በ48 ቁጥር የተመዘገበው «ኢትኒክ» ነው። ትዝታውም፣ ባቲውም፣ መንዙማውም፣ የጉራጌው ጭፈራም እዚያው 48 ውስጥ ይከተታሉ።

መለያው በኋላ ተሻሽሎ ሰፋ፤ ፕሮግራሞቹ ግን ችግሩን በሌላ በር አስገቡት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 አይቱንስን ሲያወጣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሙዚቃህን ሁሉ ሰብስቤ በዘፋኝ፣ በአልበምና በዓይነት እደረድርልሃለሁ የሚል ነው። ዓለሙን ያየው ግን አንድ ዘፋኝ አንድ አልበም በሚለው ዐይን ነው። ስምንት ድምፃዊ የተሳተፈበት የኪነት ቡድን ካሴት ሲገባለት፣ የአልበሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ካልተጻፈለት፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት ቦታ ይበትነዋል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጥሩ የውጭ መዝገቦች ማሪቱን «ለገሠ» ከሚለው ሥር ይፈልጓታል። የእኛም አጻጻፍ እሳት ላይ ቤንዚን ይጨምራል፤ «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ»፣ «ለገሠ» እና «ለገሰ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ አራት ሰዎች ናቸው፤ በላቲን ሲጻፍማ አምባሰልን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ይጽፋታል። «አምባሰል» ብሎ የፈለገ ሰው የሚያገኘው አገሩን፣ ዘፈኑን፣ ወይም የአሳታሚውን ሱቅ ስም ነው፤ ቅኝቱን አያገኝም፣ ምክንያቱም ለቅኝት የተሠራ ሳጥን የለም። ፋይሉን የያዘው ውጫዊ ዲስክ ቦታ ሲቀየር ደግሞ ፕሮግራሙ በዘፈኑ አጠገብ የቃለ አጋኖ ምልክት አቁሞ «አልተገኘም» ይላል። ዘፈኑ ዲስኩ ላይ በሰላም ተቀምጧል፤ የጠፋው ዝርዝሩ ነው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2019 አፕል በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ አይቱንስን በሌሎች ፕሮግራሞች ተካው። ዓመታት ፈጅቶ የተደራጀ ዝርዝር በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ውስጥ ከተቀመጠ፣ ዕጣው የኩባንያው ዕጣ ነው።

ይህን ምስቅልቅል ያየ ሰው ዥረቱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከሁሉ የከበደው ክርክርም እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ «የራስ ማድረግ» የተባለው በአብዛኛው ሳይከፍሉ መገልበጥ ነበር፤ አልበም ማውጣትን ኪሳራ ያደረገውም እርሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ ሚሞሪ ጫኙን ግን ሕግ ብቻውን አላቆመውም። በ2011 ዓ.ም. እነ ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ አውታር የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ይፋ ሲያደርጉ መልሳቸው ተግባራዊ ነበር፤ አድማጩ ከስልክ ሒሳቡ ላይ ጥቂት እየከፈለ እንዲሰማ፣ ገንዘቡም ለባለሙያው እንዲደርስ። በውጭ አገር ካርድ መግዛት ለማይችል በብር ለሚኖር ሕዝብ ይህ ትልቅ በር ነው። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሰዋስው የተባለው መተግበሪያ በዚያው መስክ ተከተለ። ይህን ሙከራ ማንኳሰስ ነውር ነው። ይሁንና ክርክሩ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል፤ መክፈልንና መያዝን። የካሴት ዘመን ድምፃዊ የተጎዳው አድማጩ ካሴቱን ቤቱ ስላስቀመጠ አይደለም፤ ውሉ አንድ ጊዜ ከፍሎ የሚያሰናብት፣ ሕጉም ያልጠነከረ ስለነበር ነው። አዋጁ ራሱ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከፍሎ፣ ፋይሉን ወስዶ፣ ለራሱ ቅጂ ማኖር ሕግንም ባለሙያውንም አይጎዳም። የጎደለው ይህን የሚሸጥ በር ነው።

ዥረቱ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃድ። ፈቃድ ደግሞ በቃሉ ይለካል። የአምባሰል ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ አገር በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው «ይገባቸዋል» የሚል ፍቺ ይዞ ነው ለዐድዋ የዳረገን። ዛሬ «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው በአንዱ ቋንቋ ያነባል፣ ረጅሙ ውል በሌላ ይናገራል። ማመሳሰሉ መጠነኛ ቀልድ አለበት፤ በዚህ ምክንያት ማንም ጦር አይመዝም። ነገሩ ግን ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ማይክሮሶፍት ዘግቶት በነበረው የሙዚቃ ሱቁ የተሸጡ ዘፈኖችን ለአዲስ ኮምፒውተር የሚያስከፍተውን አገልግሎት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ጩኸት ሲበዛበት ጊዜውን አራዘመ። ያሁም በዚያው ዓመት የራሱን ዘጋ። ማይስፔስ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳመነው እስከ 2015 ድረስ ሰዎች የጫኑበት ሙዚቃ ሰርቨር ሲያዛውር ጠፋበት፤ የተገመተው 50 ሚሊዮን ዘፈን ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ በሕግ ማስገደድ ያስፈለጋት ያለ ምክንያት አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። የዥረቷ ላም ወተቷ መታየቱን መካድ አይቻልም፤ በየቀኑ ይታለባል። ገመዷ ግን ከታች ሆኖ ከሚያልባት ሰው እጅ ላይ የለም።

ያ ገመድ በሐይቅና በአምባሰል በግልጽ የተቆረጠው በ2014 ዓ.ም. ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅንና ውጫሌን ሲያጥለቀልቅ ለሳምንታት መብራትም ስልክም አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል አብዛኛው ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። በሰው ሕይወትና በእህል ፊት ሙዚቃ ምንድን ነው የሚል ሰው እውነት አለው፤ የዚያ ዘመን ትልቁ ጉዳት ዘፈን አይደለም። ጥያቄው ግን ጠባብ ነው፦ በእነዚያ ወራት አምባሰልን አምባሰል ላይ ሆኖ መስማት የቻለ ማን ነው? ስልኩን በሶላር የሚሞላና ዘፈኑ ሚሞሪው ላይ ያለ ሰው ነው። ለወራት የከፈለበት መተግበሪያ መንገዱ ተዘግቶበት ሳለ፣ ስም የሌላት «ትራክ 01» ትዘፍን ነበር። ይህ ያልተለመደ አጋጣሚ ነው እንዳይባል፣ ኢንተርኔት በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ያውቃል። ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አጋጣሚ አይባልም፤ የአየር ጠባይ ነው፣ ሰውም ለዝናቡ እንደሚያደርገው ጎተራውን ያዘጋጅለታል።

በእጅ መያዝም የራሱ ሞት አለው። ሚሞሪ ይቃጠላል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ቤት ይዘረፋል፤ በዚያው ጦርነት የዥረት ደንበኛው ስልኩን ቢያጣ በሌላ ስልክ ገብቶ ሁሉን ባገኘው ነበር፣ ሚሞሪ ያዡ ግን ባዶ እጁን ቀረ። ይህ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የጠነከረው ነው፤ መልሱም «ሚሞሪ ይሻላል» አይደለም። የሐይቁን ወንጌል ብንመለከት ዋናው ብራና በገዳሙ አለ፣ ፊልሙ ባሕር ማዶ አለ፣ ዝርዝሩ ሁለቱም ጋ አለ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው የት እንዳለና ምን እንደነበረ ይታወቃል። ለዘፈንም የሚያስፈልገው ወጪ ከዚህ ያነሰ ነው። 2,000 ዘፈን በሁለት ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ደሴ ዘመድ ቤት፣ ሌላው አምባሰል፤ በየፎልደሩም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል። ምንም የሙዚቃ ፕሮግራም የማይጠይቅ፣ የትኛውም ስልክ የሚከፍተው፣ ፊደሉን 30 ባይት ላይ የማይቆርጥ ወረቀት ነው። ድምፃዊዋ፣ ክራሩን ወይም ማሲንቆውን የተጫወተው፣ ግጥሙን የሰጠው፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ እና አይቱንስ ያልጠየቀው ቅኝቱ ይጻፍበታል። ዥረቱም ይቀጥል፤ አዲስ ዘፈን የሚገኘውና ድምፃዊው የሚከፈለው እዚያ ነው። እነዚያ የክፍለ ሀገር የኪነት ካሴቶች ግን እስካሁን በየቤቱ ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ክራቸው እየተጣበቀ፣ በሽፋናቸው ወረቀት ላይ «ኤ» እና «ቢ» ብሎ የጻፈው እጅም እያረጀ ነው፤ ከተገለበጡ ወረቀቱም ከክሩ ጋር ፎቶግራፍ መነሣት አለበት።